በካርዲፍ ጀርባ ለጀርባ የቆሙት ሁለት ስታዲየሞች፦ ክሪኬቱ የት ሄደ?

ካርዲፍ የምትኖር አንዲት እናት እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «ልጄ ትምህርት ቤት ራግቢ ጀምሯል። ከተማ ስንወጣ ትልቁ ስታዲየም ጀርባ ላይ ሌላ ትንሽ ስታዲየም ተለጥፎ እናያለን። ልጄ ‘ያ ትንሹ ድሮ የክሪኬት ሜዳ ነበር’ ይለኛል። እውነቱን ነው? ሁለቱስ ለምን እንዲህ ተጣበቁ?»

እህቴ፣ ልጅሽ እውነቱን ነው። ትንሹ ስታዲየም የቆመው ከመቶ ዓመት በላይ ክሪኬት ሲጫወቱበት በኖሩት መሬት ላይ ነው። ስሙ ካርዲፍ አርምስ ፓርክ ይባላል። ትልቁ ዛሬ ፕሪንሲፓሊቲ ስታዲየም የሚባለው ነው። እሱም የቆመው በዚያው አርምስ ፓርክ ደቡባዊ ግማሽ ላይ ነው። ባጭሩ አንድ መናፈሻ ነበር፤ ሰሜኑ ለክሪኬት፣ ደቡቡ ለራግቢ። ክሪኬቱን ከቦታው ያስነቀለው ደግሞ ጭቃ ነው። እንዴት የሚለውን ከስሩ ላስረዳሽ። የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከወንዙ ይጀምራል። ዛሬ ታፍ ወንዝ ከስታዲየሙ በስተ ምዕራብ ይፈሳል። ድሮ ግን ወንዙ የሚሄደው አሁን ዌስትጌት ስትሪት በሆነው መንገድ ላይ ነበር። ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ኪይ ስትሪት የምትባል አጭር መንገድ አለች። እሷ ጫፍ ላይ ጀልባዎች ጭነታቸውን ያራግፉ ነበር። በ1840ዎቹ መጨረሻ የደቡብ ዌልስ የባቡር መስመር ሲዘረጋ፣ መሐንዲሱ ኢዛምባርድ ብሩኔል ለጣቢያው የሚሆን ደረቅ መሬት ፈለገ። ስለዚህ ወንዙን ወደ ምዕራብ ገፋው። በ1850 ጣቢያው ተከፈተ። ወንዙ ከለቀቀው መሬት የተወሰነው ከአሮጌው መናፈሻ ጋር ተቀላቀለ። አዲሱ ሜዳ ሰፊ ነው፣ ለመሃል ከተማ ቅርብ ነው፣ ግን ውሃ ያዘለ ነው። ይህን ያዥልኝ፤ ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

መሬቱ የቢውት ቤተሰብ ርስት ነበር። የካርዲፍን ቤተ መንግሥትና ወደብ የያዙት፣ ከድንጋይ ከሰል ንግድ የከበሩት ባላባቶች ማለት ነው። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ካርዲፍ አርምስ የሚባል የመንገደኞች ሆቴል ነበር። ሜዳው ከሆቴሉ ጀርባ ስለነበር በሆቴሉ ስም ተጠራ። ሆቴሉ መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ፣ ስሙ ግን ሜዳው ላይ ቀረ።

መጀመሪያ የገቡት ክሪኬተኞች ናቸው፣ በ1848። ራግቢ ገና ክለብም አልነበረውም። የካርዲፍ ራግቢ ክለብ የተመሰረተው በ1876 ነው፤ እነሱም ብዙም ሳይቆዩ ወደ አርምስ ፓርክ መጡ። ዛሬ ካርዲፍን የራግቢ ከተማ አድርገን እናያታለን፤ በዚህ ሜዳ ላይ ግን ራግቢ በእንግድነት ነው የገባው።

ሁለቱ ጨዋታዎች እንዴት አብረው ኖሩ? በወቅት ተከፋፍለው ነው። ክሪኬት የበጋ ጨዋታ ነው፣ ከሚያዝያ ወይም ከግንቦት እስከ መስከረም። ራግቢ ደግሞ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ነው። ተጫዋቹም ብዙ ጊዜ ያው ሰው ነበር፤ በክረምት ራግቢ፣ በበጋ ክሪኬት። ሣሩ ግን አንድ ሊሆን አይችልም። ክሪኬት መሃል ላይ 20 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ጠባብ መስመር አለችው፤ ኳሷ የምትነጥረው እሷ ላይ ነው። ያቺ መሬት ለዓመታት በከባድ ሮለር ተዳምጣ፣ ሣሯ እስከ ሥሩ ተቆርጦ፣ እንደ ወለል መጠንከር አለባት። በአንጻሩ ራግቢ ስምንት ስምንት ሆነው የሚገፋፉ፣ ጫማቸው ብሎን የተገጠመለት ግዙፍ ሰዎች ጨዋታ ነው። አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ላይ ራግቢ የተጫወቱበት ሜዳ የታረሰ ማሳ ይመስላል። ስለዚህ ሜዳው ከሁለት ተከፈለ። ክሪኬቱ በስተ ሰሜን ወደ ቤተ መንግሥቱ በኩል፣ ራግቢው በስተ ደቡብ ወደ ባቡር ጣቢያው በኩል።

የመጀመሪያው የራግቢ ኢንተርናሽናል፣ ማለትም አገር ከአገር የሚደረግ ግጥሚያ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1884 ተደረገ፣ ዌልስ ከአየርላንድ። አየርላንዶች ሁለት ሰው ጎድሏቸው ስለመጡ ከዌልስ ሁለት ተጫዋች ተውሰው ተጫወቱ። ዌልስ አሸነፈች። የሜዳውን ስም ዓለም ያወቀው ግን ታኅሣሥ 16 ቀን 1905 ነው። የኒውዚላንድ ቡድን፣ ኦል ብላክስ፣ ብሪታንያን ከጫፍ ጫፍ እየደቆሰ ካርዲፍ ደረሰ። በዚያ ጉዞ 35 ጨዋታ አድርገው የተሸነፉት አንዱን ብቻ ነው፣ እሱም እዚህ ነው። ውጤቱ 3 ለ 0። ቴዲ ሞርጋን አንዲት ትራይ አገባ፣ በቃ። ትራይ ማለት ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር አሳልፎ መሬት ላይ ማሳረፍ ነው። የኒውዚላንዱ ቦብ ዲንስ «እኔም መስመሩን አልፌ ኳሷን አሳርፌያለሁ» አለ፣ ዳኛው አልተቀበለውም። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ አገሮች ከመቶ ዓመት በኋላም ይከራከራሉ።

ከውጤቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ከጨዋታው በፊት የሆነው ነው። ኦል ብላክስ ሃካ የሚባለውን የማኦሪ ጭፈራቸውን ጨፈሩ። ዌልሶች ምን ይመልሱ? ሞርጋን የአገራቸውን መዝሙር ጀመረ፣ ተጫዋቾቹ ተከተሉት፣ ከዚያ 47 ሺህ ገደማ ሕዝብ ተቀበለው። ከስፖርት ውድድር በፊት ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ያ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ልጅሽ ትልቁ ስታዲየም ገብቶ ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮ ሲዘምር ከሰማ፣ ልማዱ የተጀመረው እዚያው መሬት ላይ መሆኑን ንገሪው።

ክሪኬቱም በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1921 ግላሞርጋን ከዌልስ የመጀመሪያው የአንደኛ ደረጃ ካውንቲ (የክፍለ አገር) ቡድን ሆነ። የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በአርምስ ፓርክ ነው፣ በግንቦት ወር ከሰሴክስ ጋር። በ23 ራን፣ በክሪኬት ነጥብ ማለት ነው፣ አሸነፈ። ለጀማሪ ቡድን ትልቅ ነገር ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1922፣ የሜዳውን ዕጣ የወሰነ ውል ተፈረመ። የቢውት ቤተሰብ መሬቱን ሸጠ። ክለቦቹ ካርዲፍ አርምስ ፓርክ የሚባል ኩባንያ አቋቁመው በ30 ሺህ ፓውንድ ገዙት። የክሪኬቱና የራግቢው ክለቦችም በካርዲፍ አትሌቲክ ክለብ ሥር ገቡ። ሽያጩ ላይ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፤ መሬቱ ለመዝናኛና ለስፖርት እንዲውል የሚያስገድድ። በመሃል ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ያለ መሬት እስከ ዛሬ የገበያ ማዕከል ወይም አፓርታማ ያልሆነው በትልቁ በዚያ ሁኔታ ምክንያት ይመስለኛል። ስለ አርምስ ፓርክ ሲወራ ሰው ትራዮቹን ነው የሚያነሳው። ለእኔ ከትራዮቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ውል ነው።

ሁለቱ ሜዳዎች በግንብ የተለያዩት ግን በ1934 ነው። ራግቢው ገቢ ስለነበረው ባለ ሁለት ደርብ የሰሜን መቀመጫ አሠራ፣ እኛ አዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ የምንለው ዓይነት ባለ ጣሪያ። ፊቱን ወደ ራግቢው አዙሮ ክሪኬቱን በጀርባው ከለለው። አንቺ ዛሬ ጀርባ ለጀርባ ብለሽ የምታዪው ነገር መነሻው ይህ መቀመጫ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሪኬት የሚያይ ሰው በአንድ በኩል የቤተ መንግሥቱን ዛፎች፣ በሌላ በኩል የራግቢውን ግዙፍ የጀርባ ግድግዳ እያየ ነበር የሚቀመጠው።

የዚያን ዘመን ሰዎች ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሞሪስ ተርንቡል የግላሞርጋን ክሪኬት ካፒቴን ነበር። ለእንግሊዝ ዘጠኝ የክሪኬት ቴስት፣ አገር ከአገር የሚደረግ ግጥሚያ፣ ተጫውቷል። ለዌልስ ደግሞ ራግቢ ተጫውቷል። ሁለቱንም ያደረገ ሌላ ሰው የለም። ግላሞርጋን ገንዘብ አልቆበት ሊፈርስ ሲል ከተማ ለከተማ እየዞረ መዋጮ ያሰባሰበው እሱ ነው። በ1944 ነሐሴ ወር ኖርማንዲ ላይ በጦርነት ሞተ።

ጓደኛው ዊልፍ ዉለር ደግሞ በ1935 ታኅሣሥ ላይ ኦል ብላክስ እንደገና ሲመጡ የነበረው ነው። ዌልስ በሁለት ነጥብ እየተመራች፣ አንድ ተጫዋቿ ዶን ታር አንገቱ ተሰብሮ በቃሬዛ ወጥቶ፣ በ14 ሰው ቀርታለች። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ዉለር ኳሷን ወደ ፊት መትቶ ተከትሏት ሮጠ። ኳሷ ግን ነጥራ በአናቱ አለፈችው። እሱ ፍጥነቱን መግታት አቅቶት ከሜዳው ጫፍ የተከመረው ጭድ ውስጥ ገባ። ጭዱ ሣሩን ከውርጭ ለመከላከል ሌሊት ሌሊት የሚነጠፍ ነበር። «ሳትኩት» ብሎ ጭዱ ውስጥ እንዳለ ጩኸቱን ሰማ። ከኋላው የመጣው ጄፍሪ ሪስ ጆንስ ኳሷን አግኝቶ አግብቷል። 13 ለ 12። ዉለር ኋላ በጃፓኖች ተማርኮ ሲንጋፖር በሚገኘው ቻንጊ እስር ቤት ቆየ። ከዚያ ተርፎ ተመለሰና በ1948 የግላሞርጋን ካፒቴን ሆኖ ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የካውንቲ ሻምፒዮን አደረገው። ከግድግዳው በሁለቱም በኩል ታሪክ የሠራ ሰው ነው።

በጥር 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ካርዲፍን ሲደበድቡ የሰሜኑ መቀመጫ ክፉኛ ተመታ። ከጦርነቱ በኋላ ተጠገነ። ደግሞ እስከ 1977 ድረስ ማታ ማታ የውሻ እሽቅድድም ነበረበት። ያም ሌላ ገቢ ነው።

በ1958 ሐምሌ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች እዚህ ተደረጉ። ለሩጫ ወዳድ ሐበሻ ይህ ልብ የሚባል ነው። የራግቢው ሜዳ ዙሪያ የመሮጫ መም ተነጠፈ። የሕንዱ ሚልካ ሲንግ በ440 ያርድ ወርቅ ወሰደ። ኬንያም በእነዚህ ጨዋታዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሜዳሊያዎች ያገኘችው እዚሁ ነው፤ አሬሬ አኔንቲያ በ6 ማይል፣ ባርቶንጆ ሮቲች በ440 ያርድ መሰናክል፣ ሁለቱም ነሐስ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከማሸነፉ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በመዝጊያው ላይ ንግሥቲቱ በድምፅ ቅጂ በላከችው መልእክት ልጇን ቻርልስን የዌልስ ልዑል እንደምታደርገው ያስታወቀችውም እዚያው ሕዝብ ፊት ነው።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ።

የራግቢው ሜዳ አንድ ነው። በእሱ ላይ የካርዲፍ ክለብ በየሳምንቱ ይጫወታል፣ ብሔራዊ ቡድኑም ይጫወታል። መሬቱ ደግሞ የወንዝ ዳር መሬት ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1960 ዌልስና ደቡብ አፍሪካ የተጋጠሙት በዶፍ ዝናብ፣ በጭቃ ውስጥ ነበር። ማን የማን ቡድን እንደሆነ በማሊያ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። በማግሥቱ ታፍ ወንዝ ሞልቶ ገነፈለ፣ ሜዳው ከአንድ ሜትር በላይ ውሃ ውስጥ ገባ። ብሩኔል በእጁ የገፋው ወንዝ የድሮ መንገዱን አልረሳም።

የዌልስ ራግቢ ዩኒየን መረረው። መጀመሪያ ካርዲፍን ትቶ ብሪጅንድ አጠገብ አይላንድ ፋርም በሚባል ቦታ አዲስ ብሔራዊ ስታዲየም ሊሠራ አሰበ። ፈቃድ አላገኘም፣ በ1964 ሐሳቡ ወደቀ። ስለዚህ ያለው አማራጭ እዚያው አርምስ ፓርክ ላይ መላ መፈለግ ነበር። መላው ቀላል ነው፣ ግን ጨካኝ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ለብቻው የማይረገጥ ሜዳ እንዲኖረው ክለቡ ሌላ ሜዳ ያስፈልገዋል። ቅርብ ያለው ሌላ ሜዳ ደግሞ የክሪኬቱ ነው።

ግላሞርጋን በአርምስ ፓርክ የመጨረሻውን ጨዋታ በነሐሴ 1966 ከሰመርሴት ጋር አደረገ። በ1967 ሶፊያ ጋርደንስ ወደሚባለው ሌላ የካርዲፍ ሜዳ ተዛወረ። በ1968 የደቡቡ መሬት ባለቤትነት ወደ ራግቢ ዩኒየኑ ዞረ። ሰሜኑን አትሌቲክ ክለቡ ይዞ ቀረ። ለዓመታት በሮለር የተዳመጠው የክሪኬት መሬት ታርሶ የካርዲፍ ራግቢ ክለብ ሜዳ ሆነ። ልጅሽ ያለሽ ይህንን ነው። በመሃል አዲስ የሰሜን መቀመጫ ተገነባ፣ በ1970። ያው የ1934ቱ ድንበር ላይ ነው፤ አሁን ግን ከሁለቱም በኩል ራግቢ ሆነ።

ውሳኔው ትክክል ነበር? ለስፖርቱ አዎ እላለሁ። ክሪኬቱ የተሻለ ቦታ አገኘ። ነገር ግን አንድ ነገር ቀረ። ሰው ከሥራ ሲወጣ ለአንድ ሰዓት ጎራ ብሎ፣ የመጨረሻዎቹን ኳሶች አይቶ፣ ወደ ባቡሩ የሚሄድበት የመሃል ከተማ ሜዳ ጠፋ። ያን የመሰለ ነገር አንዴ ከሄደ አይመለስም። ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ይልቅ የኋለኛው እንግዳ ቤቱን መውረሱም ቅር ያሰኘኛል።

በደቡቡ በኩል ናሽናል ስታዲየም ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ በሚያዝያ 1984 ተመረቀ። በጥር 1973 ባርባሪያንስ፣ ከየቦታው ተጫዋች እየጋበዘ የሚያሰልፈው ቡድን፣ ኦል ብላክስን 23 ለ 11 ሲያሸንፉ ጋሬዝ ኤድዋርድስ ያገባት ትራይ እዚሁ ናት። ኳሷ ከራሳቸው መስመር አቅራቢያ ተነስታ ሜዳውን በሙሉ የተሻገረችው። ቪዲዮው በየቦታው ስላለ ከልጅሽ ጋር እዩት፣ እኔ በቃላት ባበላሸው ያሳዝነኛል። ቦክስም ነበር፤ በ1993 ሌኖክስ ሉዊስና ፍራንክ ብሩኖ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተፋልመውበታል።

ዌልስ የ1999ን የራግቢ ዓለም ዋንጫ እንድታዘጋጅ ስትመረጥ 53 ሺህ ሰው የሚይዘው ስታዲየም አነሰ። የመጨረሻው ኢንተርናሽናል በመጋቢት 1997 ተደርጎ ማፍረስ ተጀመረ። ለአዲሱ ቦታ ለማግኘት ለ1958ቱ ጨዋታዎች የተሠራው የመዋኛ ገንዳም ፈረሰ። ሜዳው ራሱ በ90 ዲግሪ ዞረ። ድሮ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነበር፣ አሁን ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። በ74 ሺህ ሰው አቅም፣ በሚከፈትና በሚዘጋ ጣሪያ፣ ሚሌኒየም ስታዲየም ተብሎ በሰኔ 1999 ተከፈተ። በመክፈቻው ዌልስ ደቡብ አፍሪካን 29 ለ 19 ረታች፣ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ መልሱ እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ስታዲየም በሰሜን በኩል መጠናቀቅ የሚችለው የአትሌቲክ ክለቡ መሬትና መቀመጫ ከተነካ ብቻ ነበር። ዩኒየኑና ክለቡ ሊስማሙ አልቻሉም። ስለዚህ ሦስቱ ወገን አዲስ ሆኖ ሲገነባ፣ በሰሜን የድሮው ናሽናል ስታዲየም መቀመጫ እዚያው ቀረ፤ አዲሱ ተገጠመበት። ውስጥ ገብተሽ ወደ ሰሜን ብታዪ ላይኛው ደርብ በዚያ በኩል ይቋረጣል። ሕዝቡ በወቅቱ የዩኒየኑ ኃላፊ በነበሩት በግላንሞር ግሪፊትስ ስም «የግላንሞር ክፍተት» ብሎታል። ብዙ ሰው ጉድለት ነው ይላል። እኔ ግን ባይደፈን እመርጣለሁ። ከ1934 ጀምሮ የቆየው ድንበር በዓይን የሚታየው እሱ ላይ ብቻ ነው።

ትንሹ ስታዲየም አሁን 12 ሺህ ገደማ ሰው ይይዛል። የካርዲፍ ክለብ ከ2009 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል ወደ እግር ኳሱ ካርዲፍ ሲቲ ስታዲየም ሄዶ ነበር። ያ የእግር ኳስ ስታዲየም ሰፍቶበት ባዶ ባዶ መሰለበትና በ2012 ተመለሰ። በ2013 የተፈጥሮ ሣሩ ተነስቶ ሰው ሠራሽ ተነጠፈ። ጭቃው በዚህ አበቃ። በ2025 ክለቡ በገንዘብ ችግር ወድቆ ራግቢ ዩኒየኑ ተረከበው። መሬቱ ግን የአትሌቲክ ክለቡ ነው፣ የ1922ቱን ሁኔታ እንደያዘ።

ልጅሽን ይዘሽ ማየት ከፈለግሽ ከኪይ ስትሪት ጫፍ ጀምሩ፣ ወንዙ የነበረበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ማለት ነው። ዌስትጌት ስትሪትን ይዛችሁ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውጡና ሁለቱ ስታዲየሞች የሚገናኙበትን ግድግዳ እዩ። ከዚያ በቢውት ፓርክ በኩል የታፍን ዳር ይዛችሁ ወደ ሰሜን ተጓዙ። ሩብ ሰዓት ያህል ቢወስድባችሁ ነው፣ ሶፊያ ጋርደንስ ትደርሳላችሁ። በ2009 ሐምሌ እንግሊዝና አውስትራሊያ እዚያ ሲጫወቱ፣ ጄምስ አንደርሰንና ሞንቲ ፓኔሳር የመጨረሻዎቹን 69 ኳሶች ሳይወጡ ተቋቁመው ጨዋታውን አቻ አስወጥተዋል። በበጋ ቀን የካውንቲ ጨዋታ ካለ ይዘሽው ግቢ። ቀኑን ሙሉ ስለሚቆይ ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ ጃኬትም አትርሺ።